ዝሆኑን ያየ አይዳን አልሰማም

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የባህል ማዕከል «ታላላቅ ኦፔራዎችን እንረዳ» በሚል ርእስ የማታ ዝግጅት ጠርቶ ነበር። ተራው የጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» ነበርና እኔም ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል። አቅራቢው አንድ የኦፔራ መመሪያ መጽሐፍ በእጁ ይዞ፣ እያነበበም እየተረጎመም፣ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረከልን። ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን በማን እንደቀና፣ ማን ማንን እንደከዳ ለመንገር አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ቀጥሎ የቬርዲ የሕይወት ታሪክ መጣ፤ ቀጥሎ የስዊዝ ቦይ፤ ቀጥሎም በአውሮፓ የሜዳ ላይ ዝግጅቶች መድረኩን ስለሚያጨናንቁት ዝሆኖች፣ ግመሎችና ፈረሶች ሰማን። በመጨረሻ የድሉን ሰልፍ ማርሽ ጥቂት አሰማንና ተጨበጨበ።

ጥያቄ ሲፈቀድ ከኋላ አንዲት ወጣት ተነሣች። «ስሜ አይዳ ነው» ስትል ሰው ሁሉ ሣቀ። መቼም በከተማችን አይዳ የምትባል ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ማን አለ! «አባቴ ስሙን ያወጣልኝ ከዚህ ኦፔራ ነው ይላል። መሞቷን ነግረውናል፤ ስትሞት ግን የምትዘፍነው እንዴት አድርጋ ነው?» አለች። አቅራቢው መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ከፍቅረኛዋ ጋር ከነሕይወታቸው ተቀበሩ ነው የሚለው» አላት። ልጅቷ ጥቂት ቆማ ቆየችና ተቀመጠች።

ይህን ጽሑፍ ያስነሣብኝ ያ መልስ ነው። አቅራቢውን ልወቅስ አልተነሣሁም፤ ሰውየው መጽሐፉ የሰጠውን ነው ያካፈለን። ጠቤ ከመጽሐፉ ጋር ነው። ከአንዱ መጽሐፍ ጋር ብቻም አይደለም፤ «ዝነኛ ኦፔራዎችን ለመረዳትና ለማድነቅ» እየተባሉ በየቋንቋው ከሚታተሙት፣ በሲዲና በቪዲዮ ሽፋን ውስጥ ታጥፈው ከሚሸጡት፣ ዛሬ ደግሞ በየስልኩ ከሚነበቡት መመሪያዎች ከአብዛኞቹ ጋር ነው። እነዚህ መመሪያዎች ኦፔራን ማስረዳታቸው ቀርቶ ሰው ኦፔራን እንዳይሰማ ያደርጋሉ ብዬ እከራከራለሁ። ከባድ ክስ መሆኑን አውቃለሁ። ኦፔራ ቤት በሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። የሚላን ሰው መመሪያው ቢዋሸው ማታ ሄዶ በጆሮው ያርመዋል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ በሩን የምናገኘው በመመሪያው በኩል ነው፤ በሩ ወደ ሌላ ቤት ከወሰደን በዚያው ቀረን ማለት ነው።

በመጀመሪያ ለባለ መብቶቹ ፍርድ እንስጥ። በእንግሊዝኛ አንባቢዎች ዘንድ የዚህ ዘር አባት የጉስታቭ ኮቤ ትልቁ የኦፔራ መጽሐፍ ነው። ኮቤ በኒው ዮርክ ጋዜጦች ላይ የሚጽፍ የሙዚቃ ሐያሲ ነበር፤ በ1918 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጀልባ ሲንሸራሸር ከባሕር ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ገጭቶት ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው ባመቱ ነው። አሟሟቱ ራሱ ለአንድ ኦፔራ አራተኛ ገቢር የሚበቃ ነበር። ከሱ በኋላ ሚልተን ክሮስ መጣ፤ ከ1931 ጀምሮ የሜትሮፖሊታንን ኦፔራ በራዲዮ ሲያስተዋውቅ የኖረና በ1947 የታላላቅ ኦፔራዎችን ታሪኮች በመጽሐፍ ያወጣ ሰው። በዚያ ዘመን ታሪክ መንገር ተገቢ ነበር። የራዲዮ አድማጭ መድረኩን አያይም፤ በአዳራሹ የተቀመጠውም ቢሆን ጣልያንኛውን ካላወቀ ማን ማንን እንደሚረግም አይለይም። ደግሞም ኮቤ ቢያንስ በትረካው መሀል የዜማውን ኖታ እየጨመረ «ይህን ስማ» ይል ነበር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ኖታውን ጥለው ታሪኩን ብቻ ወረሱ። በ1983 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያው ትርጉም ከመድረክ በላይ በጽሑፍ ከታየ ወዲህ፣ ከዚያም ቪዲዮው ሁሉ በግርጌ ጽሑፍ ከመጣ ወዲህ፣ ያ ምክንያት አብቅቷል። ትረካው ግን እንዳለ ቀጥሏል።

እስቲ የ«አይዳ»ን ታሪክ በአጭሩ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ራዳሜስ የግብፅ የጦር አዛዥ ነው። የሚወዳት ተማርካ የፈርዖን ልጅ የአምኔሪስ ገረድ የሆነችውን አይዳን ነው፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗን ግን ማንም አያውቅም። አምኔሪስም ራዳሜስን ትወዳለች። ራዳሜስ ዘምቶ ድል ያደርግና የአይዳን አባት አሞናስሮን፣ ማንነቱን ሳያውቅ፣ ከምርኮኞች ጋር ይዞት ይመጣል። አባት የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጇ እንድታወጣ ልጁን ያስገድዳታል፤ ራዳሜስ ምስጢሩን ሲያወጣ ንጉሡ ተደብቆ ይሰማል። ራዳሜስ በክህደት ተከሶ ከነሕይወቱ እንዲቀበር ይፈረድበታል፤ አይዳም ቀድማ መቃብሩ ውስጥ ገብታ ትጠብቀዋለች። አለቀ። ለዚህ አርባ ደቂቃ ምን ያደርጋል? ደግሞስ የአንድ አገር ጦር የሚያዝ ሰው የዘመቻ ምስጢር ለፍቅረኛው ሲዘከዝክ፣ የጠላት ንጉሥ ደግሞ እዚያው ዛፍ ሥር አድፍጦ ሲያደምጥ፣ ይህን በተራ ቴአትር ቢያሳዩን በፉጨት እናስወርዳቸው ነበር።

ያው ታሪክ ሲዘፈን ግን ማንም አይሥቅም። ለምን? መመሪያ ነኝ የሚል ጽሑፍ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ አብዛኞቹ የማይነኩትም ይህንኑ ነው። ቅኔ ሲባል ከጎንህ የተቀመጠ ሰው ሰሙን ብቻ እየደጋገመ ቢያንሾካሹክልህ አስረዳኝ አትለውም፤ ዝም በልልኝ ትለዋለህ እንጂ።

ጥፋቱ በመቅረት ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ነገር ግን ውሸትም አለበት። ያን ማታ እንደሰማነው፣ በብዙ መመሪያዎችም እንደተጻፈው፣ «አይዳ» የስዊዝ ቦይ ሲመረቅ እንዲታይ የታዘዘ ኦፔራ ነው ይባላል። አይደለም። ቦዩ የተመረቀው በኅዳር 1869 ነው። የካይሮ ኦፔራ ቤት የተከፈተው በዚያው ወር ሲሆን የታየውም የቬርዲ «ሪጎሌቶ» ነበር። ኸዲቭ ኢስማኤል ለቤቱ ምረቃ መዝሙር እንዲጽፍለት ቬርዲን አስጠይቆ አሻፈረኝ ተብሏል። «አይዳ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መነሻ ታሪኩን ፈረንሳዊው የግብፅ ጥንታዊ ቅርስ ሊቅ ኦጉስት ማርዬት አዘጋጀ፤ ቬርዲም በ150,000 ፍራንክ ተዋዋለ። ልብሱና የመድረኩ ዕቃ ፓሪስ ውስጥ ሲሠራ የፈረንሳይና የፕሩስ ጦርነት ተነሥቶ ከተማዋ ተከበበች፤ ዕቃውም ከከበባው ውስጥ ቀረ። ኦፔራው ካይሮ ላይ የታየው በታኅሣሥ 24 ቀን 1871፣ ቦዩ ከተመረቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ቬርዲም አልተገኘም። ይህን ለማረም ሁለት ቀኖች ማስተያየት ይበቃል። ሳይታረም የኖረው መርከቡም፣ ነገሥታቱም፣ ርችቱም ከዝሆኑ ጋር ስለሚስማሙ ይመስለኛል። አንዱ ከአንዱ ይገለብጣል፤ አንባቢም ታላቅ በዓል ለማድመቅ የተሠራ ኦፔራ ሊሰማ ይቀመጣል።

በዓል ፈልጎ የተቀመጠ ጆሮ ደግሞ በዓል ብቻ ይሰማል። ሁለተኛው ገቢር ላይ ያለውን ያን ዝነኛ ማርሽ ውሰዱ። መመሪያዎቹ «ግርማውን አድንቁ» ይሉናል። ረጃጅሞቹ መለከቶች በሁለት ቡድን መሠራታቸውን፣ የመጀመሪያው ቡድን ዜማውን ካሰማ በኋላ ሁለተኛው ያንኑ ዜማ ድንገት ከፍ ባለ ድምፅ ተቀብሎ ልብ እንደሚያስነሣ ይነግሩናል። እውነት ነው፤ ያስነሣል። የማይነግሩን ቬርዲ ይህን ክፍል የጻፈው በምን ልብ እንደሆነ ነው። ጊዜው ፈረንሳይ ሴዳን ላይ የተሸነፈችበት ነው። ቬርዲ በፈረንሳይ መውደቅ አዝኗል፤ ከ«አይዳ» የቅድሚያ ክፍያው ላይ 2,000 ፍራንክ ለፈረንሳይ ቁስለኞች እንዲሰጥለት አዟል። በዚያው ሰሞን ለግጥሙ ደራሲ ለአንቶንዮ ጊዝላንዞኒ ሲጽፍ፣ የድሉ መዝሙር ውስጥ ካህናቱ ያሸነፉት በአምላክ ረዳትነት መሆኑን፣ አምላክም ከእንግዲህ ከነሱ ወገን መሆኑን እንዲዘምሩ ጠየቀና፣ ለምሳሌ የፕሩሱን ንጉሥ ቴሌግራም ተመልከት አለው።

እንግዲህ አስቡት። ዓለም ለምርቃትና ለኳስ ጨዋታ የሚያስጮኸው ማርሽ የሚገኝበት ትዕይንት፣ በአሸናፊ ጸሎት የተንገፈገፈ ሰው የጻፈው ነው። ምሬቱም ሙዚቃው ውስጥ አለ። ሕዝቡ በደስታ ሲዘምር ካህናቱ ከሥር የራሳቸውን ጠንካራ፣ ደረቅ ዜማ ይዘው ይገባሉ። ምርኮኞቹ ምሕረት ሲለምኑ ሕዝቡ አብሮ ይለምናል፤ ይገደሉ ብለው የሚጸኑት ካህናቱ ናቸው። ይህን ሁለት መስመር ያነበበ ሰው ያንኑ ማርሽ ዳግመኛ እንደ በፊቱ ሊሰማው አይችልም። በበኩሌ በመሀል የሚገባው ጭፈራ ይበዛብኛል፤ አንድ መመሪያ ደፍሮ «እዚህ ላይ ቡና ብትጠጡ ብዙ አይቀርባችሁም» ቢል እወደው ነበር። ነገር ግን ለነሱ ሁሉም ነገር «ድንቅ» ነው። ሁሉም ድንቅ ከሆነ ደግሞ የምንመርጠው የለንም።

አሁን ዋናው ማስረጃዬ ዘንድ ደርሻለሁ፤ ሦስተኛው ገቢር። ሌሊት ነው፤ የአባይ ዳር። ኦርኬስትራው አንዲት «ሶል» የምትባል ድምፅ ብቻ ይዞ ይጀምራል። ቫዮሊኖቹ በለሆሳስ ይነጥቧታል፤ ሌሎቹ ክሮች ያንቀጠቅጧታል፤ ቼሎዎቹ እንደ ፉጨት ያሳስሷታል። ያችው አንዲት ድምፅ በየከፍታው ተበትና ውኃውንም፣ ጨረቃውንም፣ ዝምታውንም ትሆናለች፤ በላይዋ ፍሉት ይንሳፈፋል። ዝሆን የለም። መለከት የለም። አይዳ ብቻዋን መጥታ ዳግመኛ ስለማታያት አገሯ ትዘፍናለች። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ሊዮንታይን ፕራይስ በ1985 ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በዚሁ ሚና ነው፤ ይህን ዘፈን ስትጨርስ አዳራሹ ለደቂቃዎች አላስቀጥል ብሎ ሲያጨበጭብ እሷ እንባዋን እየታገለች ቀጥ ብላ የቆመችበት ቪዲዮ ዛሬም ይገኛል።

ከዚያ አባቷ ይመጣል። መመሪያዎቹ ይህን ክፍል የሚያሳልፉት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አሞናስሮ ልጁን ያግባባታል» ይላሉ። ያግባባታል! እስቲ እንዴት እንደሚያግባባት እንስማ። መጀመሪያ ድምፁን አለስልሶ መዓዛቸው ስለሚያውድ ደኖች፣ ስለ ቀዝቃዛ ሸለቆዎች ይዘፍንላታል፤ ልጅም ትቀበለዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ብውል ትላለች። ቀጥሎ የጠላትን ግፍ ያስታውሳታል። ቀጥሎ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ጦሩ የሚያልፍበትን መንገድ ከራዳሜስ አውጪልኝ። አይሆንም ትላለች። ይኼኔ የኦርኬስትራው መሬት ይከዳል። አባት ይጮኻል፤ ከተሞች በአንቺ የተነሣ ይቃጠሉ፣ ሙታን ተነሥተው በጣታቸው ያሳዩሻል፣ እናትሽ ከመቃብር ወጥታ ትረግምሻለች ይላታል። እግሩ ሥር ስትወድቅ ይገፋትና ከልጅነት ይፍቃታል፤ አንቺ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ!

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ነው ጆሮ ሰጥቶ መስማት። አይዳ ተሰብራለች፤ ድምፅዋ ወደ ታች ወርዶ ቁርጥርጥ እያለ ይወጣል፤ ባሪያ አይደለሁም፣ ልጅህ ነኝ ትላለች። በዚህ ጊዜ አባት፣ ያ አሁን የረገማት አባት፣ ስለ ድል የተነሣው ሕዝብ አስቢ ብሎ አንድ አጭር ዜማ ያወጣል። ከኦፔራው ሁሉ እጅግ ሰፊውና እጅግ ሞቃቱ ዜማ እሱ ነው እላለሁ። የአገር ፍቅር ነው፤ የምር ነው፤ የወጣውም ልጁን ከደቆሰበት ከዚያው ጉሮሮ ነው። ቬርዲ አባትየውን ክፉ ቢያደርገው ይቀለን ነበር። ጀግና ብቻ ቢያደርገውም ይቀለን ነበር። እሱ ግን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አሰማን። አይዳም እሺ ስትል አገሯ ያስከፈለቻትን እየቆጠረች ነው። «ስለ አገርሽ ስትዪ ልብሽን አምጪ» የተባለ ልጅ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ጣልያንኛ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው «እዚህ ጋ ጸጥ በል፤ አባትየው ድምፁን ሲያለዝብ ተጠንቀቅ» የሚለው ሰው ነው።

ስለ አገር ከተነሣ ዘንድ የራሳችንንም አስጎብኚዎች አልምርም። በኛ በኩል ሁለት ዓይነት አሉ። አንደኛው «አይዳ የኛ ናት» እያለ ደረቱን ይነፋል፤ ሁለተኛው «በአደባባይ እየተማረክን ተሰደብን» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም አልሰሙም። የኦፔራው «ኢትዮጵያ» ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር በጠሩበት ስም የተጠራች የፈርዖን ዘመን አገር ናት። ራዳሜስ የሚያወጣው ምስጢር የናፓታ መተላለፊያ መሆኑ ይህንኑ ያመለክታል፤ ናፓታ ያለችው በዛሬዋ ሱዳን ነው፤ የኩሽ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ስለዚህ ኩራቱንም ቁጣውንም ረጋ እናድርገው።

ይህን ስል ታሪካችን ከነገሩ የለበትም ማለቴ አይደለም። አዛዡና ከፋዩ ኢስማኤል በዚያው ዘመን ወደ ደቡብ እየገፋ ነበር። ኦፔራው በታየ ባመቱ፣ በ1872፣ ወኪሉ ሙንዚንገር ከረንን ያዘ። የኢስማኤል ጦር በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ጦር ተደመሰሰ። ካይሮ ውስጥ በመለከት የታጀበው ድል መሬት ላይ ተገልብጦ ተገኘ። ኤድዋርድ ሰይድ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ «አይዳ» ከአውሮፓ ገናናነትና ከኢስማኤል ካይሮ ጋር ያላትን ዝምድና በሰፊው መርምሯል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፍ መመሪያ ይህን እንዳልሰማ ሆኖ ማለፉ ነውር ነው። ቢሆንም ጉራን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ሙዚቃውን በጉራ ሊተካው አይገባም። ያም ሌላ ዝሆን ነው።

«ታዲያ ጀማሪው ምን ይያዝ? ታሪኩን ሳያውቅ ቢገባ አይጠፋም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ታሪኩን በአንድ ገጽ ስጡትና ልቀቁት። ቬርዲ ራሱ ይህን ኦፔራ ሲጽፍ ጊዝላንዞኒን «የመድረክ ቃል» እያለ ይወተውተው ነበር፤ የግጥሙ ማማር ቀርቶ ሁኔታውን ቆርጦ የሚያሳይ፣ ተመልካች ባንድ ጊዜ የሚይዘው ቃል ማለቱ ነው። ስለዚህ ለየትዕይንቱ አምስት ስድስት ቃል ያወቀ ሰው ቬርዲ ያሰበለትን ያህል ያውቃል። ለምሳሌ በአንደኛው ገቢር ሕዝቡ ሁሉ ራዳሜስን «ድል አድርገህ ተመለስ» ብሎ ሲሸኝ አይዳም አብራ ትጮኻለች። ብቻዋን ስትቀር ያንኑ ቃል ከራሷ አፍ መልሳ ትሰማዋለች፤ ድል የሚደረገው አባቷ ነው። ይህችን አንዲት ቃል ንገሩት፤ ሌላውን ድምፅዋ ይነግረዋል። መጋረጃው ሳይከፈት የሚሰማውም እንዲሁ ነው፤ ቫዮሊኖቹ በጣም ቀጭን አድርገው የሚያሰሙት ዜማ የአይዳ ነው፤ ቀጥሎ ከታች እየተንፏቀቀ የሚመጣው የካህናቱ ነው፤ ሁለቱ ይጋጫሉ። ኦፔራው በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። ራዳሜስ ገና ሲጀመር ስለ አይዳ የሚዘፍነውንም አድምጡ፤ ቬርዲ የመጨረሻዋን ከፍተኛ ድምፅ እየሞተች በምትሄድ ለሆሳስ እንድትዘፈን ጽፏል፤ ብዙዎቹ ቴነሮች ግን ጭብጨባ ፍለጋ ይጮኹባታል። መመሪያ ነኝ የሚል ይህን ይንገረንና ዘፋኙን ራሳችን እንፍረድ።

ያቺን ወጣት ከዚያ ማታ ወዲህ አላየኋትም። ባገኛት የምነግራት ይህን ነበር። መድረኩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከላይ ቤተ መቅደሱ በብርሃን ደምቋል፤ ከታች መቃብሩ ጨለማ ነው። ድንጋዩ ተገጥሟል። ራዳሜስ ብቻዬን ነኝ ብሎ ሲያስብ አይዳን እዚያ ያገኛታል። እሱ ይጨነቃል፤ እሷ አትጨነቅም። ምድርን የሚሰናበተውን ዜማ አስቀድማ የምታነሣው እሷ ናት። ዜማው ከታች ይነሣና በአንድ ትልቅ ዝላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም ቀስ እያለ ይመለሳል። ጩኸት የለበትም። ራዳሜስ ያንኑ ከእሷ ይቀበላል፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ይሉታል። ከላይ ካህናቱ ይዘምራሉ። አምኔሪስ ጥቁር ለብሳ ትመጣና ድንጋዩ ላይ ትንበረከካለች፤ ከሥሩ አይዳም እንዳለች አታውቅም። ዜማ እንኳ አልቀረላትም፤ በአንዲት ድምፅ ላይ ሆና ሰላም፣ ሰላም እያለች ትለምናለች፤ ቫዮሊኖቹም እየሳሱ፣ እየሳሱ ይሄዳሉ።